በእንግድነት አገር ጋብቻን ስለ መካድና ስለ ማስመሰል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፤ ሰው በተወለደበት ሰፈር ሲኖር በወላጆቹ፣ በጎረቤቶቹ፣ በዕድሩና በንስሐ አባቱ መካከል ስለሚኖር አካሄዱን የሚመለከት ብዙ ዐይን አለው። ወደ ሩቅ አገር በሄደ ጊዜ ግን ያ ሁሉ ዐይን ከላዩ ይነሣል፤ የማን ልጅ እንደ ሆነ የሚያውቅ፣ የት ዋልህ የት አደርህ ብሎ የሚጠይቅ አይገኝም። በዚያን ጊዜ ሰው ፈሪሃ እግዚአብሔር በልቡ እንዳለ ወይም የጎረቤት ዐይን ብቻ ይጠብቀው እንደ ነበረ ይገለጣል። ስለዚህ መንገድ ለነፍስ ታላቅ መመርመሪያ ነው።

ዛሬ የምንናገረው ከመንገድ ፈተናዎች ስለ አንዱ ነው፤ ይኸውም ሳይጋቡ አብረው የሚኖሩ ወይም አብረው የሚጓዙ ወንድና ሴት፣ እንዲህ ያለውን ኑሮ ሕጋቸው ወደሚከለክል አገሮች ሲሄዱ ስለሚገጥማቸው የነፍስና የሥጋ መከራ ነው። ነገሩ ከእኛ የራቀ አይደለም። በአዲስ አበባ በቄራ፣ በቂርቆስና በካዛንቺስ ሰፈሮች ሴት ልጃቸውን ወይም እኅታቸውን ለሥራ ወደ ዐረብ አገር የሸኙ ቤተ ሰቦች ብዙዎች ናቸው። ጥቂት ገንዘብ ያጠራቀሙ ወጣቶችም ዱባይን ለማየት ወይም ዕቃ ለማምጣት ሁለት ሆነው ይሄዳሉ። በአገራቸው ማንም ያልጠየቃቸውን ጥያቄ በዚያ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ጸሓፊ ወይም አንድ የሐኪም ቤት አስተናጋጅ ይጠይቃቸዋል፤ ባልና ሚስት ናችሁን? ማስረጃችሁስ የታለ? ይላቸዋል። የንስሐ አባት ሊጠይቀው ሲገባ ያልጠየቀውን ነገር ባዕድ ሲጠይቀው ማየት ለእኛ ለካህናቱም ለምእመናኑም ተግሣጽ ነው።

የመንግሥታት ሕግ በዚህ ነገር

አስቀድመን የአገራችንን ሕግ እንመልከት። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ ጋብቻ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ሥርዓት ወይም በባህል ሥርዓት ሊፈጸም እንደሚችል ይደነግጋል፤ ተጋቢዎቹም 18 ዓመት የሞላቸው እንዲሆኑ ያዝዛል። ጋብቻ ሳይፈጽሙ እንደ ባልና ሚስት አብረው የሚኖሩትን አይቀጣም፤ እንዲያውም ከ3 ዓመት ላላነሰ ጊዜ አብረው ከኖሩ በዚያ ጊዜ ያፈሩት ሀብት የጋራ እንዲሆን ይፈቅዳል። ይህም ለሴቲቱና ለልጆቹ መጠጊያ ሆኗል። ነገር ግን ብዙ ወጣቶች ሕጉ ካልቀጣኝ ተፈቅዶልኛል፣ ከተፈቀደልኝም ተባርኮልኛል ብለው ያስባሉ። ይህ ስሕተት ነው። አለመቀጣት ሌላ ነው፤ መባረክም ሌላ ነው። ደግሞም የአገራችን ሕግ የሰጠው ይህ መጠጊያ ድንበር አይሻገርም፤ በቦሌ አውሮፕላን የተሳፈሩ ሁለት ሰዎች በወረዱበት አገር የሚዳኙት በዚያ አገር ሕግ ነው።

የውጭ አገሮች ሕግ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ይለዋወጣልም። በቀጠር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2004 የወጣው የወንጀል ሕግ፣ ከጋብቻ ውጭ በፈቃድ የተደረገውን ግንኙነት እስከ 7 ዓመት በሚደርስ እስራት ይቀጣል። ሳዑዲ ዐረቢያ በ2019 ለጎብኚዎች ደጇን በከፈተች ጊዜ የውጭ አገር ወንድና ሴት የጋብቻ ማስረጃ ሳያሳዩ የማረፊያ ክፍል እንዲከራዩ ፈቅዳለች፤ ከጋብቻ ውጭ የሚደረገው ግንኙነት ግን በዚያ አገር ዛሬም ወንጀል ነው። የተባበሩት የዐረብ ኤምሬቶች በ2020 መጨረሻ ላይ ሕጋቸውን አሻሽለው ሳይጋቡ በአንድ ቤት መኖርን ከወንጀልነት አውጥተዋል። ከጃንዋሪ 2 ቀን 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ሕጋቸው ደግሞ፣ ከ18 ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎች በፈቃዳቸው ያደረጉት ግንኙነት የሚያስከስሰው ባል ወይም አሳዳጊ አቤት ሲል ነው። ሆኖም ከዚያ ግንኙነት ልጅ ቢወለድና ወላጆቹ ባይጋቡ፣ ወይም ልጁን ልጃችን ነው ብለው ወረቀት ባያወጡለት፣ ከ2 ዓመት በማያንስ እስራት ይቀጣሉ። ይህ ዓይነቱ ሕግ በዐረብ አገሮች ብቻ የተወሰነ አይደለም፤ ኢንዶኔዥያም በዲሴምበር 2022 ባጸደቀችው የወንጀል ሕግ ሳይጋቡ አብሮ መኖርን፣ የትዳር ጓደኛ ወይም ወላጅ ወይም ልጅ ሲከስስ የሚያስቀጣ አድርጋዋለች።

እነዚህን ሕጎች የዘረዘርነው ለማስፈራራት አይደለም። አንድ ነገር ልብ እንድንል ነው። ሕጉ የላላው ይልቁንም ለጎብኚውና ለባለጠጋው ነው፤ ለቤት ሠራተኛዪቱ ግን እንደ ከበደ ነው። ጎብኚው በሳምንቱ ተመልሶ ይሄዳል። በቤት ሠራተኛነት የሄደችው ልጅ ግን የመኖሪያ ፈቃዷ በአሠሪዋ እጅ ነው፤ የምታድረውም በአሠሪዋ ቤት ነው። ከዚያ ቤት ወጥታ እንደ እርስዋ ለሥራ ከመጣ የአገሯ ልጅ ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ ብትኖር፣ ፈቃዷን ታጣለች። ብትፀንስም መከራዋ እጥፍ ይሆናል። በብዙዎቹ የባሕረ ሰላጤ አገሮች ለወሊድ ወደ ሐኪም ቤት የምትገባ ሴት የጋብቻ ማስረጃ ትጠየቃለች፤ ለሕፃኑም የልደት ምስክር ወረቀት ለማውጣት ያው ማስረጃ ይፈለጋል። ይህን የምታውቅ ሴት ሐኪም ቤት መሄድን ፈርታ በጓደኞቿ ክፍል ተሸሽጋ ትወልዳለች። ሕፃኑም ስም እንጂ ወረቀት የሌለው፣ አገር እያለው ወደ አገሩ መግባት የማይችል ሆኖ ያድጋል። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዐረቢያ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያንን ወደ አገራቸው በመለሰች ጊዜ፣ በዚያ አገር የወለዷቸውን ሕፃናት ታቅፈው በቦሌ የወረዱ እናቶች ነበሩ።

ሁለቱ ሐሰቶች

ከዚህ ጭንቀት የተነሣ ሁለት ዓይነት ሐሰት ተፈጥሯል። የመጀመሪያው ማስመሰል ነው፤ ያልተጋቡት ባልና ሚስት ነን ይላሉ፤ ለዚህም በገንዘብ የተገዛ የጋብቻ ወረቀት ይይዛሉ። ሁለተኛው መካድ ነው፤ ያገባችው አላገባሁም ትላለች፤ ደላላው ባል ያላት ሠራተኛ አትፈለግም ብሎ ስለ መከራት፣ ባሏንና ልጇን በአገር ትታ ነጠላ ነኝ ብላ ትመዘገባለች። ባልየውም ገንዘቡ እስኪላክለት ድረስ በዚህ ይስማማል። ሁለቱ ሐሰቶች ፊትና ኋላ ይምሰሉ እንጂ ሥራቸው አንድ ነው፤ ጋብቻን እንደ መንገድ ልብስ ለብርዱ ይለብሱታል፣ ለሙቀቱ ያወልቁታል።

ከሁለቱ ሐሰቶች አንዱ በመጽሐፍ ቅዱስ ግልጥ ሆኖ ተጽፎልናል። በዘፍጥረት ምዕራፍ 12 እንደምናነበው፣ በከነዓን ረኃብ በጸና ጊዜ፣ ገና አብራም ይባል የነበረው አባታችን አብርሃም ሚስቱን ሣራን ይዞ ወደ ግብፅ ወረደ። በእንግድነት አገር ስለ ሚስቱ ውበት እንዳይገድሉት ፈርቶም እኅቱ ነኝ እንድትል ለመናት። በምዕራፍ 20 ደግሞ ወደ ጌራራ በሄደ ጊዜ ይህንኑ ደገመው። አባቶች ይህን ታሪክ ያቈዩልን አብርሃምን ለመንቀፍ አይደለም፤ የሃይማኖት አባት የተባለው ጻድቅ እንኳ በሰው አገር እንደ ተፈተነ አውቀን እንድንጠነቀቅ ነው። ከታሪኩ አራት ነገር እንማራለን።

አንደኛ፤ የሐሰቱን ዕዳ የከፈለችው ሣራ ናት። አብርሃም በግፍ እንዳይሞት ሐሰቱ ጠበቀው፤ ስለ እርስዋም በጎችና በሬዎች ተሰጡት፤ እርስዋ ግን ወደ ንጉሥ ቤት ተወሰደች። ዛሬም እንዲሁ ነው። በሐሰት ወረቀት አብረው ከሄዱት ከሁለቱ ነገሩ በተገለጠ ጊዜ ወንዱ ሊሸሽ ይችላል፤ ፅንሱ በማኅፀንዋ የሆነው ሴት ግን የምትሸሽበት የላትም። ነጠላ ነኝ ያለችውም ሚስት፣ ችግር በደረሰባት ጊዜ ባል አለኝ ብላ የምትጠራው ጠበቃ አይኖራትም፤ በገዛ ቃልዋ ክዳዋለችና።

ሁለተኛ፤ አቢሜሌክ አብርሃምን በጠየቀው ጊዜ፣ አብርሃም በዚያ ስፍራ ፈሪሃ እግዚአብሔር ያለ ስላልመሰለው እንደ ዋሸ ተናገረ። ነገር ግን እግዚአብሔር ለዚያ ንጉሥ በሕልም ተገልጦለት ነበር፤ ንጉሡም የሰው ሚስት እንዳይነካ ፈርቶ ነበር፤ ይልቁን ተወቃሹ አብርሃም ሆነ። ከእኛም ብዙዎች ወደ እስላም አገር ሲሄዱ የእነርሱ ሕግ ለእነርሱ ነው ብለው በሐሰት ለማለፍ ይደፍራሉ። የቄራ ሰው እንዲህ ሊያስብ አይገባውም፤ በሰፈሩ ክርስቲያኑና እስላሙ በአንድ ግቢ እያንዳንዱ በየሥርዓቱ ሲያርድ፣ አንዱ የሌላውን ሥርዓት ሳይንቅ ሲኖር አይቶ ያደገ ነውና። በገዛ አገሩ የጎረቤቱን ሥርዓት የሚያከብር፣ በጎረቤቱ አገር እንግዳ ሆኖ ሳለ እንዴት ይንቃል? ንጽሕናን የሚጠይቅ ሕግ ከማን አፍ ቢወጣ ለክርስቲያን እንግዳ ሊሆንበት አይገባም። የቅጣቱ ክብደት እኛን ቢያሳዝነንም፣ የሕጉ ጥያቄ ግን ከንስሐ አባታችን ጥያቄ ጋር አንድ ነው።

ሦስተኛ፤ አብርሃም ሣራ በአባቱ በኩል በእውነት እኅቱ እንደ ሆነች ተናግሯል። ቃሉ ግማሽ እውነት ነበረ፤ ነገር ግን ሚስቱ መሆኗን ለመሸሸግ ስለ ተነገረ ሥራው የሐሰት ሥራ ሆነ። እንግዲህ ተዋድደናል፣ በልባችን ተጋብተናል፣ ወረቀቱ ብቻ ነው የቀረን የሚሉ ወጣቶች ግማሽ እውነት ይዘዋል። ፍቅራቸውን አንክድባቸውም። ነገር ግን ቃል ኪዳን በምስክር ፊት የሚገባ ነገር ነው፤ በልብ ብቻ የተገባ ቃል ኪዳን፣ ልብ በተለወጠ ቀን ምስክር የለውም።

አራተኛ፤ በዘፍጥረት ምዕራፍ 26 ይስሐቅ በዚያው በጌራራ ስለ ርብቃ አባቱ የተናገረውን ቃል ደገመ፤ ንጉሡም በመስኮት ተመልክቶ ባልና ሚስት መሆናቸውን ዐወቀ። ስለዚህ ሁለት ነገር እንረዳለን፤ የወላጅ ሐሰት ለልጅ ይወረሳል፤ የተሸሸገ ነገርም አንድ ቀን መስኮት አያጣም።

ስለ ማኅተም

ሌላውን ሐሰት፣ ማለት ማስመሰልን፣ በቄራ ምሳሌ ብንገልጠው ይቀላል። በቄራ ከብት ከመታረዱ አስቀድሞ፣ ከታረደም በኋላ በሐኪም ይመረመራል፤ ለምግብ የሚሆን መሆኑ በታወቀ ጊዜ በሥጋው ላይ ማኅተም ይመታበታል። ማኅተሙ ሥጋውን ጤነኛ አያደርገውም፤ ጤነኛ መሆኑን ግን ይመሰክርለታል። ከቶ ያልተመረመረውን ሥጋ ማኅተም ሰርቆ ቢመታበት ግን ማኅተሙ ራሱ ገዳይ ይሆናል፤ ሰው ማኅተሙን አምኖ ይበላልና። ማኅተም የሌለው ሥጋ ገዢውን ያጠራጥረዋል፤ የሐሰት ማኅተም ያለበት ግን ሳያጠራጥር ይጎዳዋል።

የጋብቻ ወረቀትም እንደዚሁ ነው። ወረቀት ባልና ሚስት አያደርግም፤ በእግዚአብሔርና በሰው ፊት የተደረገውን ይመሰክራል እንጂ። ስለዚህ ወረቀትን የሚንቅ ይሳሳታል፤ ምስክርን ንቋልና። ወረቀት ብቻ የሚገዛም የበለጠ ይሳሳታል፤ ምንም ላልተደረገው ነገር ምስክር አቁሟልና። ይህን ለሚያደርግ ካህን ወይም የደብር ጸሓፊ ደግሞ ፍርዱ የከበደ ነው። ዘመድ ለመነኝ፣ ልጅቱ ልትሄድ ቸኩላለች ብሎ ተክሊል ላላደረሰላቸው የተክሊል ማስረጃ የሚጽፍ፣ የቤተ ክርስቲያንን ማኅተም ያልተመረመረ ሥጋ ላይ እንደሚመታ ሰው ነው። ለርኅራኄ ያደረገው ቢመስለውም ሁለቱን በማይጠብቃቸው ከለላ ሥር ሰድዷቸዋል።

የጦብያ መንገድ

እግዚአብሔር የመንገድን ሐሰት ብቻ አሳይቶን አልቀረም፤ የመንገድንም እውነት አሳይቶናል። በመጽሐፈ ጦቢት እንደ ተጻፈው ወጣቱ ጦብያ የአባቱን ገንዘብ ለመቀበል ወደ ሜዶን አገር ሲሄድ ቅዱስ ሩፋኤል መልአክ በሰው አምሳል መንገድ መሪ ሆነው። በመንገዱም በራጉኤል ቤት ዐርፈው የራጉኤልን ልጅ ሣራን ለሚስትነት ጠየቀ። ይህን ሁሉ ልብ በሉ። ጦብያ ወጣት ነው፤ ከወላጆቹ ርቋል፤ የሚያየው የለም፤ ልጅቱም ከዘመዶቹ ወገን ናት። ሆኖም ቃሉ ሳይጸና በራጉኤል ማዕድ አልቀመስም አለ። አባቷም እጇን ይዞ ሰጠው፤ እናቷንም ጠርቶ፣ ወረቀት አስመጥቶ የጋብቻውን ውል ጻፈ፤ አተሙበትም። ከዚያ በኋላ ሁለቱ በክፍላቸው ሳሉ አስቀድመው ለጸሎት ተነሡ። እንግዲህ በዚህ ታሪክ የወላጅ ፈቃድ፣ የምስክር ፊት፣ የተጻፈ ውል፣ ማኅተምና ጸሎት ሁሉም በሥርዓቱ አሉ። የተደረገውም በመንገድ ላይ፣ በእንግድነት አገር፣ እጅግ በጥቂት ቀን ነው። ስለዚህ መንገደኛ ነኝና ሥርዓት ለመፈጸም ጊዜ የለኝም የሚል ሰው ከጦብያ ይማር።

ከዚህም የሚበልጥ አለ። ጻድቁ ዮሴፍ እመቤታችንን ይዞ ወደ ቤተ ልሔም የወጣው ለመመዝገብ ነበረ። ለእርሱ የታጨች መሆኗ በሕዝቡ ፊት የታወቀ ነው፤ እርሱም ጠባቂዋ እንጂ እንደ ዓለም ባሎች አልነበረም። ወደ ግብፅ በተሰደዱ ጊዜም ሰሎሜ አብራቸው እንደ ነበረች አባቶች ያስተምሩናል። ጌታችን በሥጋ የተወለደው ሰዎች ስማቸውን በእውነት በሚያስጽፉበት ወራት ነው። መዝገብ ለክርስቲያን የሚናቅ ነገር አይደለም። በአገራችን በወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ልደት፣ ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት ከሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ጀምሮ በመዝገብ ይጻፋል፤ በተክሊልና በቁርባን የተጋቡትም ጋብቻቸውን ማስመዝገብ ይገባቸዋል። በዚያ የሚገኘው የምስክር ወረቀት በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ ለሚሄዱበት አገር ማስረጃ ይሆናቸዋል። በቤተ ክርስቲያን ተጋብተናል፣ ለመንግሥት ምን አገባን ብለው ሳያስመዘግቡ የሄዱ እውነተኞች ባልና ሚስት በሰው አገር እንዳልተጋቡ ሲቈጠሩ ያሳዝናል።

ገና በመተጫጨት ላይ ሳሉ በአንድ ጉዳይ አብረው መሄድ ግድ የሆነባቸው ቢኖሩ፣ የታጨን ነን፣ አልተጋባንም ብለው እውነቱን ይናገሩ፤ በተለያየ ክፍልም ይደሩ። ለሁለት ክፍል የሚከፈለው ገንዘብ ለሐሰት ወረቀት ከሚከፈለው ይልቅ ቀላል ነው፤ በእግዚአብሔር ፊትም በዳኛ ፊትም ያቆማል።

ጥፋቱ የወጣቶች ብቻ አይደለም

እስከ አሁን ለወጣቶች ተናገርን፤ ነገር ግን ፍርዱን በእነርሱ ላይ ብቻ ብንጥል በደልን። ብዙዎቹ ሳይጋቡ አብረው መኖር የጀመሩት ሥርዓትን ጠልተው አይደለም፤ ድግሱን ስለ ፈሩ ነው። በከተማችን ሠርግ ማለት ድንኳን፣ በሬ፣ የተከታተሉ መኪናዎች፣ ፎቶግራፍና ሙዚቃ ሆኗል። ወላጅም ልጁ ሳይደግስ ቢዳር በጎረቤት ፊት የሚያፍር ይመስለዋል፤ ልጁ ሳይዳር ለብዙ ዓመት ሲኖር ግን አያፍርም። እንዲህ ከሆነ ኀፍረታችን የተገለበጠ ነው። ፍትሐ ነገሥት በአንቀጽ 24 ስለ መተጫጨትና ስለ ጋብቻ ሲደነግግ የተጋቢዎቹን ፈቃድና የካህኑን ጸሎት ይጠይቃል፤ የበሬ ቍጥር አይጠይቅም። ለተክሊል የሚያስፈልጉት ሁለቱ ሙሽሮች፣ ምስክሮቻቸው፣ ካህናቱና ቅዱስ ቍርባኑ ናቸው። ቀሪው የደስታ ጭማሪ ነው፤ ሲኖር መልካም፣ ሲታጣም ጋብቻው ሙሉ ነው።

ወላጆችም ሌላ ዕዳ አለባቸው። ልጅቱ ከዐረብ አገር ገንዘብ ስትልክ የተላከውን እንቈጥራለን፤ እንዴት እንዳለች፣ ከማን ጋር እንደምትኖር፣ ትጾም ትጸልይ እንደ ሆነ ግን አንጠይቅም። ባሏን ክዳ ነጠላ ነኝ እንድትል ስትመከር ዝም ያለ ባል፣ ዝም ያለች እናት፣ ከደላላው ጋር ተካፍለዋል። አባቶች ካህናት ሆይ፤ የንስሐ ልጃችን መንገድ ልትሄድ ስትሰናበተን ጸበል ረጭቶ መሸኘት ብቻ አይበቃም። ባል እንዳላት፣ እጮኛ እንዳላት፣ ወረቀቷ እውነተኛ እንደ ሆነ፣ በምትሄድበት ከተማ ወገኖቿ የሚሰበሰቡበት ቤተ ክርስቲያን እንዳለ እንጠይቃት፤ በዱባይና በቤይሩት ኢትዮጵያውያን ምእመናን ለጸሎት ይሰበሰባሉና። እንዲህ ብናደርግ የባዕድ ሹም ከሚጠይቃት ጥያቄ በፊት የአባት ጥያቄ ይደርስላታል።

ለወደቁት

በመጨረሻ፣ ይህ ጽሑፍ በደረሰበት ቤት፣ ነገሩ ካለፈ በኋላ የሚያነብብ አለ። እርስዋ ከስደት ልጅ ይዛ የተመለሰች ልትሆን ትችላለች፤ እርሱም ዛሬም በሐሰት ወረቀት የሚኖር ይሆናል። ለእነዚህ የቤተ ክርስቲያን ቃል ምንድር ነው?

ጌታችን በያዕቆብ ጕድጓድ አጠገብ ከሳምራዊቷ ሴት ጋር የተነጋገረውን አስቡ። ባልዋን እንድትጠራ ባዘዛት ጊዜ ባል እንደሌላት ተናገረች። ከእርስዋ ጋር የነበረው ሰው ባልዋ እንዳልነበረ ጌታ ያውቅ ነበር። እርስዋ ግን ባሌ ነው ብላ አልዋሸችም፤ ጌታም እውነቱን ስለ ተናገረች መልካም መናገሯን መሰከረላት፤ ከዚያም መሲሕ እርሱ መሆኑን ገለጠላት። የሐሰት ወረቀት ብታሳየው ኖሮ ንግግሩ በዚያ ባበቃ ነበር። ወደ ክርስቶስ የሚወስደው መንገድ የሚጀመረው ባል የለኝም ብሎ እውነቱን ከመናገር ነው። ስለዚህ አብረው የሚኖሩ ሁለቱ ወደ ንስሐ አባታቸው ይምጡ፤ የሚከለክላቸው ነገር ከሌለ ንስሐ ገብተው በቍርባን ይጋቡ። ቤተ ክርስቲያን ለደናግል ተክሊልን፣ ደናግል ላልሆኑትም የንስሐና የጸሎት ሥርዓትን አዘጋጅታለች፤ በሯ ለሁለቱም አልተዘጋም። መጋባት የማይቻላቸው ከሆነ ይለያዩ፤ ልጁን ግን አባቱም እናቱም አይካዱት።

ስለ ሕፃኑ ደግሞ አንድ ቃል እንጨምር። የቂርቆስ ሰፈር ስሙን ያገኘው ከቅዱስ ቂርቆስ ነው። እርሱም የ3 ዓመት ሕፃን ሳለ ከእናቱ ከቅድስት ኢየሉጣ ጋር ስለ ሃይማኖት የተሰደደ፣ በስደታቸውም አገር ከመኰንን ፊት የቀረበ ነው። ሐምሌ 19 ቀን ቅዱስ ገብርኤል ከፈላው ጋን እንዴት እንዳዳናቸው በየዓመቱ እናስባለን። በዚያ ደጅ ቆመን ሕፃን ይዛ የተሰደደችውን እናት ስናከብር ውለን፣ ወደ ቤታችን ስንመለስ ከዐረብ አገር ሕፃን ታቅፋ የመጣችውን የጎረቤት ልጅ ብናሽሟጥጥ በዓሉን ምን አከበርነው? እርግጥ ነው፣ ኢየሉጣ ስለ ክርስቶስ ተሰደደች፤ ይህችኛዪቱ ስለ እንጀራ ተሰደደች፤ በድላም ይሆናል። ሕፃኑ ግን ምንም አልበደለም። ወንድ ቢሆን በ40፣ ሴትም ብትሆን በ80 ቀን ክርስትና ሊነሣ የሚገባው ነበረ፤ በእንግድነት አገር ቀርቶበት ከሆነ ዛሬ ይጠመቅ፤ የክርስትና አባትም ይሁነው። አባት ባይገኝለት ደብሩ አባት ይሁነው።

እንግዲህ የተወደዳችሁ፤ የነገሩ ማጠቃለያ ይህ ነው። ጋብቻን ከመንገድ በፊት በእውነት ፈጽሙት፤ በመንገድም ላይ በእውነት ተናገሩት፤ ያልሆነውን ሆኗል አትበሉ፤ የሆነውንም አልሆነም አትበሉ። የሌሎችን አገር ሕግ ንቃችሁ አትሂዱ፤ ከሕጉ ፍርሃት የሚበልጥ ፈሪሃ እግዚአብሔር ይዛችሁ ሂዱ እንጂ። ወላጆችና ካህናትም የሠርግን ሸክም አቅልሉ፤ የጥያቄን ሸክም ግን ተሸከሙ። የወደቀውን አንሡ፤ ሕፃኑን እቀፉ።

ጦብያን በመንገድ የመራ፣ ሣራንም ለቃል ኪዳን የጠበቀ አምላክ፣ በስደት ያሉትን ልጆቻችንን በንጽሕናና በጤና ጠብቆ ለአገራቸውና ለቤታቸው ያብቃልን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።